የጠጉር ካውያ ታሪክና የሙቀት ልክ

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ለዘንድሮው እትም አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ኮሚቴው ያሰበው ስለ አንድ ድልድይ ወይም ስለ አንድ የኃይል ማመንጫ እንደ ነበረ አላጣሁትም። ስለ ጠጉር መተኮሻ እጽፋለሁ ባልሁ ጊዜም ከአባላቱ አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። ቢሆንም ሐሳቤን አልለወጥሁም። አንድ የእንፋሎት ቦይለር ለመትከል ፈቃድ፣ ፍተሻና የምስክር ወረቀት በሚጠይቅ ሙያ ውስጥ የምንኖር ሰዎች፣ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የጋለ ብረት በየማለዳው ከእኅቶቻችንና ከባለቤቶቻችን ጆሮ በአንድ ጣት ርቀት ሲያልፍ ሙቀቱን ማን እንደ ለካው ጠይቀን አናውቅም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር። ባለመጠየቄ የደረሰውን ወደ ኋላ እናገራለሁ፤ አስቀድሞ ግን የመሣሪያውን ታሪክ ከሥሩ መመልከት ይሻላል።

እናቴ በአዲስ አበባ በአንድ ሠፈር ውስጥ አነስተኛ ጠጉር ቤት ነበራት። እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በዚያ ቤት መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው ሳይቋረጥ የሚቀጥለው በከሰል ምድጃ ነበር። ጥርሱ የነሐስ፣ እጀታው የእንጨት የሆነ ከባድ ማበጠሪያ በፍሙ ላይ ይጋደማል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የእኔ ድርሻ ካለቁ ደብተሮቼ ወረቀት እየቀደድሁ ማቀበል ነበር። እናቴ የጋለውን ማበጠሪያ በወረቀቱ ላይ ታሳርፈዋለች። ወረቀቱ ከጠቆረ ማበጠሪያውን በአየር ላይ እያወዛወዘች ትጠብቃለች፤ መልኩን ካልለወጠ ወይም ጥቂት ወዛ ብቻ ካለ ወደ ደንበኛዋ ትዞርና «ጆሮሽን ያዢ፣ የኔ ልጅ» ትላለች። ደንበኛይቱም የጆሮዋን ጫፍ በሁለት ጣቷ ወደ ታች አጥፋ ትንፋሿን ትይዛለች። ቅቤ ተቀብታ የመጣች ሴት ስትኖር እናቴ አትተኩስላትም ነበር። «ይህ አይተኮስም፣ ይጠበሳል» ብላ ወደ ቤቷ ትመልሳታለች። ያ የደብተር ወረቀት የመለኪያ መሣሪያ መሆኑን የተረዳሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ሙቀት ልኬት ከተማርሁ በኋላ ነው።

የወረቀቱ ፈተና የእናቴ ፈጠራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1872 ማርሴል ግራቶ የተባለ ፈረንሳዊ የጠጉር ባለሙያ በጋዝ ነበልባል የሚሞቅ የብረት መቆንጠጫ ይዞ የሴቶችን ጠጉር እንደ ሞገድ ማጠፍ ጀመረ። ሥራው «የማርሴል ሞገድ» ተብሎ በመላው አውሮፓና አሜሪካ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሲሠራበት ኖረ። በዚህ ብረት የሚሠሩ ሰዎችም ሙቀቱን የሚያውቁት በወረቀት ነበር፤ ወረቀቱን ያጠቆረ ብረት ጠጉር አይነካም። ከፍም ሆነ ከጋዝ ነበልባል የወጣ ብረት ምንም ዓይነት መቆጣጠሪያ የለውም፤ ሙቀቱ በዐይንና በልምድ ብቻ ይገመታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሉጫ ጠጉር ያላቸው ሴቶች ጠጉራቸውን ለማጠፍ ገንዘብ ሲከፍሉ፣ ጠጉራቸው ከርዳዳ የሆነ ደግሞ ለማቃናት በዚያው ብረት ይቃጠሉ ነበር። ለሁለቱም የቀረበው መሣሪያ አንድ ሲሆን፣ ኋለኞቹ ግን የሚከፍሉት ዋጋ በገንዘብ ብቻ አልነበረም።

ይህን ለመረዳት ወደ ሰሜን አሜሪካ መሻገር ያስፈልጋል። በዚያ አገር ባርነት ከተሻረ በኋላ ጥቁር ሴቶች በከተማ ሥራ ሲፈልጉ ከችሎታቸው አስቀድሞ ጠጉራቸው ይታይ ነበር። የተኮሰች ሴት «ንጹሕ» ትባላለች፤ ያልተኮሰች ግን ሥርዓት የጎደላት ተደርጋ ትቆጠራለች። ፍርዱ ከንቱ ቢሆንም የእንጀራ ጉዳይ ስለ ሆነ ብዙዎች ተገዙለት። ይህ አድልዎ በሕግ እንዲከለከል የመጀመሪያው የክፍለ ግዛት ሕግ በካሊፎርኒያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 መሆኑን ስናስብ፣ ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሣው ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር ናቸው። እኚህ ሴት ሣራ ብሪድላቭ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1867 በሉዊዚያና ግዛት ተወለዱ፤ ወላጆቻቸው ባሪያዎች የነበሩ ሲሆኑ፣ ከቤተሰቡ ልጆች በነጻነት የተወለዱ የመጀመሪያዋ እርሳቸው ነበሩ። በሴንት ሉዊስ ከተማ የሰው ልብስ እያጠቡ ኖሩ፤ ጠጉራቸው መነቃቀል በጀመረ ጊዜ መድኃኒት ፈለጉ፤ ለጥቂት ጊዜም የአኒ ተርንቦ ማሎንን ቅባት አዟሪ ሆነው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ዴንቨር ሄደው የራሳቸውን ንግድ ጀመሩ፤ በ1910 ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተዛውረው ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በ1919 ሲሞቱ በአሜሪካ እጅግ ባለጸጋ ከነበሩት ጥቁር ሴቶች አንዷ ነበሩ። የጋለውን ማበጠሪያ የፈጠሩት እርሳቸው ናቸው እየተባለ በብዙ ቦታ ይጻፋል። ይህ ስሕተት ነው። የሚሞቅ የብረት ማበጠሪያ እርሳቸው ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በገበያ ይሸጥ ነበር። ማዳም ዎከር ያደረጉት ማበጠሪያውን ከራስ ቅል ማጠቢያና ከቅባት ጋር አጣምረው በሥርዓት እንዲሠራበት ማስተማርና ሥራውን የሚያውቁ ወኪሎች ማሠልጠን ነው። እንዲያውም «ጠጉር አቃኚ» መባልን አይወዱም ነበር፤ ዓላማዬ የራስ ቅል ጤንነትና የጠጉር እድገት ነው ይሉ ነበር። በእኔ አስተያየት ከመሣሪያው ይልቅ የሚበልጠው ሥራቸው ይህ ሥልጠና ነው። መቆጣጠሪያ በሌለው ብረት ላይ ሊገጠም የሚችለው ብቸኛ መቆጣጠሪያ የሠለጠነ እጅ ነበርና።

በዚያው ዘመን መሣሪያውን ራሱን ለማሻሻል የደከሙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1909 አይዛክ ሺሮ በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል ጠጉርን የሚጫን መሣሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ፤ በዛሬው ገበያ የምናየው ባለ ሁለት ሰሌዳ መተኮሻ የዘር ሐረጉ ከዚህ ይመዘዛል። በ1920 ደግሞ ዎልተር ሳሞንስ ለጠጉር ማቃኛ ማበጠሪያ ተመሳሳይ መብት ተሰጠው።

ለሙያ ጓደኞቼ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚጥመው የጋሬት ሞርጋን ታሪክ ይመስለኛል። ሞርጋን በክሊቭላንድ ከተማ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። የስፌት መርፌ በፍጥነት ስትመላለስ እየጋለች የሱፍ ጨርቅ ታቃጥል ስለ ነበር፣ ይህን የሚከላከል ፈሳሽ ሲቀምም ሳለ እጁን በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ጠረገ። ተመልሶ ሲያየው የጨርቁ ጠጉር ቀጥ ብሎ አገኘው። ፈሳሹን በጎረቤቱ ውሻ ላይ፣ ቀጥሎም በራሱ ላይ ሞከረውና እ.ኤ.አ. በ1913 የጠጉር ቅባት ኩባንያ አቋቋመ። ይኸው ሰው በ1914 ለጢስ መከላከያ ጭንብል መብት አገኘ፤ በ1916 በኤሪ ሐይቅ ሥር በሚቆፈረው ዋሻ ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ ሠራተኞች በታፈኑ ጊዜ ጭንብሉን ራሱ አጥልቆ በመግባት ሰዎች አወጣ፤ በ1923 ደግሞ ባለ ሦስት ምልክት የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ አስመዘገበ። ለጭንብሉና ለትራፊኩ ሥራ የሚያስፈልገው ገንዘብ በከፊል የመጣው ከጠጉር ቅባቱ ሽያጭ ነበር። በጠጉር መተኮሻ ላይ የሚስቅ መሐንዲስ ካለ ይህን ያስብ።

ሞርጋን የከፈተው የኬሚካል መንገድ ከብረቱ ጎን ለጎን ሰፋ። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በአሜሪካ ከተሞች ወንዶች ጭምር ኮስቲክ ሶዳ ከድንችና ከእንቁላል ጋር ደባልቀው ራሳቸውን ይቀቡ ነበር። ማልኮም ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ወጣት ሳለ ራሱ ይህን እንዳደረገና ራሱ ቅሉ እንዴት እንደ ነደደ ይተርካል። በ1954 ጆርጅ ጆንሰን የተባሉ ነጋዴ በቺካጎ ከተማ በ250 ዶላር ብድር ኩባንያ መሥርተው ይህንኑ ውሕድ በፋብሪካ ማዘጋጀት ጀመሩ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽም የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ኮሚሽን ኩባንያው በዕቃው ላይ ስለ ኮስቲክ ሶዳው አደጋ ማስጠንቀቂያ እንዲጽፍ አስገደደ። ከዚያ ወዲህ የቅባቱ ዓይነት ቢበዛም ጥያቄው አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት ውጤት አወጡ። ጠጉር ማቃኛ ኬሚካል ፈጽሞ ካልተጠቀሙት ሴቶች መካከል እስከ 70 ዓመት ዕድሜያቸው በማኅፀን ካንሰር ይያዛሉ ተብለው የተገመቱት 1.64 ከመቶ ሲሆኑ፣ አዘውትረው በሚጠቀሙት ዘንድ ግን ይህ አኃዝ 4.05 ከመቶ ነበር። እንዲህ ያለው ጥናት ግንኙነትን እንጂ መንስኤን በቀጥታ አያረጋግጥም። ቢሆንም ብዙ ሴቶች ከቅባቱ ወደ ብረቱ እንዲመለሱ በቂ ምክንያት ሆኗል። ስለዚህ የሙቀቱን ጉዳይ በደንብ ማወቅ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሙቀት በጠጉር ላይ የሚሠራው ምንድን ነው? ጠጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። የዚህን ፕሮቲን ቅርጽ በራጅ ጨረር ከመረመሩት ቀዳሚዎች አንዱ በ1930ዎቹ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ዊሊያም አስትበሪ ነው። ሊድስ የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ስለ ነበረች አስትበሪ ያጠናው የበግ ጠጉር ነበር። ጥቅልል ያለው የኬራቲን ሰንሰለት በእርጥበትና በሙቀት ሲሳብ እንደሚዘረጋ፣ ሲለቀቅም ተመልሶ እንደሚጠቀለል አሳየ። ሰንሰለቶቹን ቅርጽ የሚያስይዟቸው ብዙ ደካማ የሃይድሮጅን ትስስሮችና ጥቂት ጠንካራ የድኝ ትስስሮች ናቸው። ኮስቲክ ሶዳ የሚያጠቃው ጠንካራዎቹን ስለ ሆነ ሥራው አይመለስም፤ አዲስ ጠጉር እስኪበቅል ድረስ ይኖራል። ካውያ የሚፈታው ደግሞ ደካሞቹን ብቻ ነው። ጠጉሩ በሰሌዳዎቹ መካከል ቀጥ ብሎ ሲቀዘቅዝ ትስስሮቹ በአዲሱ ቅርጽ እንደ ገና ይያያዛሉ፤ ዝናብ ወይም ላብ ሲነካው ይፈቱና ጠጉሩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በክረምት የተተኮሰ ጠጉር ከቤት እስከ ታክሲ ድረስ እንኳ የማይቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሙቀቱ በልክ ሲሆን ነው። ደረቅ ጠጉር ወደ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የኬራቲኑ ጥቅልል ራሱ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። እርጥብ ጠጉር ግን የሚፈርሰው ከዚህ እጅግ ዝቅ ባለ ሙቀት፣ በ150 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጠጉሩ ውስጥ ያለው ውሃ በድንገት ሲፈላም እንፋሎቱ ጠጉሩን ከውስጥ ያስፋዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ሐኪሞች ይህን ጉዳት በማይክሮስኮፕ ተመልክተው «የአረፋ ጠጉር» ብለው ሰየሙት። አረፋ የያዘ ጠጉር እንደ ደረቀ ሣር ይሰበራል። በ1968 አሜሪካውያን ሐኪሞች በጥቁር ሴቶች አናት ላይ ያዩትን ጠባሳ ያለበት መላጣነት «የጋለ ማበጠሪያ መላጣ» ብለው ጽፈው ነበር፤ በኋላ ግን በሽታው ካውያ ባልነካቸው ሴቶችም ላይ ስለ ታየ ስሙ ተለወጠ፤ በ2019 ደግሞ ከአንድ የዘር ቅንጣት ለውጥ ጋር እንደሚያያዝ ተገለጠ። ማበጠሪያው በዚያ ክስ ከሚገባው በላይ ተወቅሷል ማለት ይቻላል። የጠጉሩን ዘንግ ማቃጠሉ ግን አያጠራጥርም።

እንግዲህ ወደ መሣሪያው እንመለስ። የኤሌክትሪክ መተኮሻ ሲመጣ ከሰሉን ተካ እንጂ ወዲያው ልክ አላመጣም። በርካሹ መሣሪያ ውስጥ ያለው አንድ ሬዚስታንስ ሽቦ ብቻ ነበር፤ ሶኬት ውስጥ እስካለ ድረስ ይግላል። ቀጥሎ ከሁለት ብረቶች የተጣበቀና በሙቀት የሚታጠፍ ቴርሞስታት ገባ፤ እርሱም ከልብስ ካውያ የተወሰደ ስለ ነበር ሙቀቱ በሰፊው እየወጣ እየወረደ ይሠራል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ሙቀቱ ከፍ ሲል የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው በድንገት በሚያድግ ሴራሚክ ነው። በ1950ዎቹ የተደረሰበት ይህ በባሪየም ታይታኔት ላይ የተመሠረተ ቅመም የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ ራሱን በራሱ ይገታል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደ ገና ኃይል ይስባል። እንዲህ ያለው ማሞቂያ ያለ ሽቦና ያለ መቆራረጫ ልኩን ያውቃል። ይኸውም ለፀጉር መተኮሻ ብቻ ሳይሆን ለብዙ የቤት ዕቃ ውሏል።

እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያችው በሊድስ ከተማ ጂ.ኤች.ዲ. የተባለ ኩባንያ ተቋቁሞ ከደቡብ ኮሪያ በተገዛ የፈጠራ ሥራ ላይ የተመሠረተ የሴራሚክ መተኮሻ መሸጥ ጀመረ። አስትበሪ የበግ ጠጉር በመረመረባት ከተማ ይህ መሆኑ አጋጣሚ ብቻ ቢሆንም ደስ ይላል። ኩባንያው ተመራጭ ብሎ የያዘው ሙቀት 185 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለዚህ መሣሪያ የሚከፈለው ከፍተኛ ዋጋ በአመዛኙ የሚከፈለው ለዚህች አንዲት ቁጥር፣ ማለትም ሙቀቱ ሳይዋዥቅ እዚያው እንዲቆም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ቃላቱ ራሳቸው መንገዱን ይናገራሉ። ካውያ የሚለው ከዐረብኛ፣ ቢጎዲን የሚለው ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ ዛሬ በየገበያው ፔስትራ የሚባለውም ፒያስትራ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ማለት ነው። ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ምኞቱ የቆየ ነው። ሹሩባና ጎፈሬ ክብራቸውን ይዘው በኖሩበት አገር «ዞማ» ማሞገሻ፣ «ከርዳዳ» ግን ማንጓጠጫ ሆኖ ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ጠጉሩን ተኩሱ ወይም አትተኩሱ የማለት ሥልጣን የለኝም፤ የምናገረው ስለ ብረቱ ነው።

ጥፋቴን የምናገርበት ቦታ እዚህ ነው። ታናሽ እኅቴ ከኮሌጅ ስትመረቅ ፔስትራ እንድገዛላት ጠየቀችኝ። ጠጉሯ እንደ እናታችን ጥቅጥቅ ያለና ከርዳዳ ነው፤ በኪሴ የነበረው ገንዘብም ብዙ አልነበረም። ከአንድ ሱቅ ገብቼ ከተደረደሩት መካከል ሣጥኑ ላይ «ታይታኒየም»፣ «ፕሮፌሽናል» እና «450» የሚል የተጻፈበትን መረጥሁ። ወፍራም ብረት ለመበየድ ብዙ ኃይል እንደሚያስፈልግ ሁሉ ለጥቅጥቅ ጠጉርም የበለጠ የሚግለው ይሻላል ብዬ አሰብሁ። 450 የተባለው በፋራናይት እንደ ሆነና 232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት እንደ ሆነ ላሰላው እችል ነበር፤ አላሰላሁም። በምርቃቱ ዋዜማ ማታ ጠጉሯ በደንብ ሳይደርቅ መተኮስ ጀመረች። የመፍላት ድምፅ ስትሰማ ጠራችኝ፤ «እንፋሎት ነው፣ አይዞሽ» አልኋት። በሦስተኛው ምላት ከግንባሯ በላይ የነበረው ዘለላ ከነርዝመቱ በሰሌዳዎቹ መካከል ቀረ። በማግስቱ የምርቃት ባርኔጣው ሸፈነላት። ከዚያ ሁሉ በኋላ የተናገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ አንተ መሐንዲስ አይደለህም እንዴ?»

መሣሪያውን ፈታሁት። ሰሌዳውን በሞረድ ስነካው ከግራጫው ቀለም ሥር ነጭ አሉሚኒየም ወጣ። አሉሚኒየም መሆኑ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ንጹሕ አሉሚኒየም ከታይታኒየም ዐሥር እጥፍ ያህል ሙቀትን ያስተላልፋል። ነውሩ ሌላ ነበር። ሙቀቱን የሚለካው ትንሽ ሕዋስ ከሰሌዳው ጋር መጣበቅ ሲገባው በፕላስቲኩ ውስጥ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሰሌዳው ሲግል እርሱ ገና እንዳልሞቀ ስለሚያስብ ኃይል መላኩን አያቆምም። ከመሥሪያ ቤት ባመጣሁት ቴርሞካፕል ስለካው በመስኮቱ ላይ ከሚታየው ቁጥር በላይ ያለማቋረጥ ይወጣል፤ ከሰሌዳው አንዱ ጫፍና ሌላውም አይስማሙም። ቁጥሩ ጌጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን ስሌት ለአንባቢ ባቀርብ ይጠቅማል። 200 ግራም የሚመዝን የእናቴ የነሐስ ማበጠሪያ ከ230 ወደ 150 ዲግሪ እስኪወርድ ወደ 6,000 ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። 40 ዋት ያለው ፔስትራ ይህን ያህል ለመስጠት ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። አንድ ግራም ውሃ ለማትነን ብቻ ደግሞ 2,260 ጁል ያስፈልጋል፤ ይህም ለዚያው ፔስትራ የአንድ ደቂቃ ያህል ሥራ ነው። እንግዲህ በደንብ ያልደረቀ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጠጉር በብዛት በአንድ ጊዜ ሲገባበት ሰሌዳው ይቀዘቅዛል፤ ባለቤቲቱም አልቃና አለኝ ብላ ሙቀቱን ትጨምራለች፤ እየደጋገመችም ታሳልፈዋለች። ጥቅጥቅ ያለ ጠጉር የሚፈልገው ከፍ ያለ ዲግሪ ሳይሆን በበቂ ፍጥነት የሚተካ ሙቀት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ሰው ጠጉሩን ፈጽሞ አድርቆ፣ በቀጭን በቀጭኑ ከፍሎ፣ በ180 ዲግሪ አካባቢ አንድ ጊዜ በዝግታ ቢያሳልፍ በውዱ መሣሪያ ከሚገኘው ውጤት ብዙ አይርቅም።

በግዢ ጊዜ የብረቱን ስም መጠየቅ ትቻለሁ። በርካሽ ዕቃ ላይ «ታይታኒየም» እና «ሴራሚክ» የሚባሉት በአብዛኛው ስስ ቅብ ናቸው። የማየው ሙቀቱ በሴንቲግሬድ በደረጃ ሊለወጥ የሚችል መሆኑን ነው፤ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ያለውን አልገዛም፤ 230 ስለሚደርስም ተጨማሪ አልከፍልም። ሰሌዳዎቹን ገጥሜ ወደ መብራት አቀርባለሁ፤ በመካከላቸው ብርሃን ካለፈ ጠጉሩን በአንድ በኩል ይጨፈልቃል፣ በሌላው ይስተዋል። ሰሌዳዎቹ በትንሽ ሞላ ላይ ተቀምጠው ሲጫኑ የሚለዝቡ ከሆኑ መልካም ነው።

ከአሜሪካ በዘመድ እጅ ለሚመጣ ዕቃ ደግሞ ከሁሉ በፊት የቮልቱን ጽሕፈት ማንበብ ይገባል። 110 ቮልት ብቻ የሚል ተራ የሬዚስታንስ መሣሪያ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ኃይሉ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ 40 ዋት የነበረው 160 ዋት ይስባል። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ቀን የሚነዱት ለዚህ ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት ግን ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ ራሱን በሚገታ ሴራሚክ የሚሠሩት በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው። የዋሽንግተን ዘመድ ስጦታውን ከመግዛቱ በፊት ይህን አንድ መስመር በስልክ ማሳሰብ ምንም አያስወጣም።

ባለፈው ዓመት ለእኅቴ ሁለተኛ ፔስትራ ገዛሁ። ከባለሱቁ ጋር ተስማምተን እዚያው ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ በ180 ላይ አቁሜ መብራቱ እስኪረጋ ከጠበቅሁ በኋላ ነጭ ወረቀት በሰሌዳዎቹ መካከል አስገብቼ እስከ አምስት ቆጠርሁ። የመጀመሪያው ወረቀቱን በአንድ ጫፍ አጠቆረው፤ መለስሁት። ሁለተኛውም እንዲሁ። ባለሱቁ በሦስተኛው ላይ መሰልቸቱን አልደበቀም፤ ወረቀቱ ግን ነጭ እንደ ሆነ ወጣ። በሣጥኑ ላይ የተጻፈ ትልቅ ስም የለውም፤ ዋጋው ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር።

ወደ ቤት ወስጄ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ሰሌዳዎቹን በጥፍሯ መታ መታ አደረገች፤ ሶኬት ላይ እንድሰካውም አዘዘችኝ። ቴርሞካፕሉን ከቦርሳዬ ሳወጣ አላየችኝም። ከጠረጴዛው ላይ የልጄን ደብተር አንሥታ የመጨረሻውን ገጽ ቀደደች፣ በሰሌዳዎቹ መካከል አስገብታ ጨበጠችው፣ አወጣችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው። ከዚያም ሌላ ወረቀት እንድሰጣት እጇን ዘረጋች።